ለጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታ የሲቪል መኪና ከየት ይመጣል? (ጎንደር ላይ ካደረኩት ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ፣ ስለመጣችሁ በጣም ነው ማመሰግነው። ከኋላ ያላችሁ እባካችሁ ጠጋ በሉ፣ ዛሬ የማወራው ነገር ጠረጴዛው ካልታየ አይገባም።

አብዛኞቻችሁ ጨዋታውን ታውቁታላችሁ፣ ከጓደኛ ጋር የመጣችሁ ደግሞ ምናልባት ለመጀመርያ ጊዜ ነው ምታዩት፣ ስለዚ ባጭሩ ልንገራችሁ፦ በትንንሽ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ የጦርነት ጨዋታ ነው፣ ዳይስ አለ፣ ሜትር አለ፣ የተጻፈ ሕግ አለ፣ እያንዳንዱ ወታደር በሕጉ ልክ ይራመዳል ይተኩሳል ይደበቃል። ሐሳቡ ዛሬ የመጣ አይደለም። ጆርጅ ፎን ራይስቪትዝ የሚባል የፕሩሲያ የመድፈኛ መኮንን እኤአ በ1824 በካርታና በዳይስ የሚሰራ ጨዋታ ለመኮንኖች ማሰልጠኛ ብሎ አወጣ፣ ከዛ በኋላ እየሰፋ እየሰፋ ከጦር ሰፈር ወጥቶ ሰው ቤት ገባ። እኛ ጋ ያለው ዘመናዊው አይነት ነው፣ ማለት ከሁለተኛው የአለም ጦርነት ወዲህ ያለው፣ ክላሽና ታንክ ያለበት።

ዛሬ ግን ስለ ታንክ አላወራም። ታንክ የሚሰራ ኩባንያ ሞልቷል፣ ቲ 55 ብትሉ በፈለጋችሁት መጠን ታገኛላችሁ፣ ወታደር ብትሉ የአለም ጦር ሁሉ ተሰርቷል። ሰው ጭኖ ገበያ የሚሄድ ሚኒባስ ፈልጉ እስቲ። ቦቴ ፈልጉ። ባጃጅ ፈልጉ። እዚ ጋ ነው ችግሩ ያለው፣ እና እኔ ይሄ ችግር ከታንኩ በላይ ያሳስበኛል፣ ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

ጠረጴዛውን እዩልኝ። 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 ነው፣ ሁለት መንገድ፣ ገበያ፣ ማደያ፣ ትምህርት ቤት፣ ሶስት ፎቅ። መኪኖቹን ሆን ብዬ አንስቻለሁ። ይሄ ከተማ የት ነው ያለው? ማንም ሊመልስ አይችልም፣ ካርቶን ቤት የትም ያለ ቤት ነው። አሁን ሶስት ነገር ልጨምር፣ አንድ ሰማያዊ ባጃጅ፣ አንድ ጆንያ የጫነ ኢሱዙ፣ አንድ ኮሮላ ዲኤክስ። በቃ። ቤቱን አልነካሁትም ግን ሁላችሁም የት እንደሆነ አወቃችሁ፣ ፊታችሁ ላይ አየሁት። እነዚን አንስቼ ላዳና ኢካሩስ አውቶብስ ባስቀምጥ ያው ጠረጴዛ ምስራቅ አውሮፓ ይሆናል፣ መርሰዲስ 123 ታክሲ ብደረድር ቤሩት ይሆናል። መኪና አገር ይናገራል።

ዘመንም ይናገራል። በአብዮቱ ሰሞን የሆነ የኢትዮጵያ ከተማ ብትሰሩ ቮልስ፣ ሴይቼንቶ፣ ላንድሮቨር እና ኤንትሬ ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ ቪትዝ ካስቀመጣችሁ ሁሉም ፈረሰ ምክንያቱም ቪትዝ እኤአ በ1999 ነው ከፋብሪካ የወጣው። ደርግ ጊዜ ከሆነ ላዳ ይገባል፣ መንግስት መስርያ ቤት በር ላይ ዋዝ ይቆማል። ከዛ ወዲህ ዲኤክስ፣ ከዛ ሃይሉክስ፣ ከዛ ባጃጅ ሲኖትራክ ምናምን። አንድ ልጅ ባለፈው እኤአ 1941 ላይ ያለውን የጎንደር ውጊያ፣ የጣልያኑ ጀነራል ናሲ እጁን የሰጠበትን፣ መስራት እፈልጋለሁ ብሎኝ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሌላ አለም ነው፣ ፊያት ባሊላ እና የጣልያን ካሚዮን ነው የሚፈልገው፣ የዛሬ መኪና አንዱም አይገባበትም። ስለዚ መጀመርያ የት እና መቼ የሚለውን ወረቀት ላይ ጻፉ ከዛ ነው መኪና መፈለግ ያለባችሁ። ሰው ግን ተገላቢጦሽ ነው የሚሰራው፣ ያገኘውን ሁሉ ይገዛና ጠረጴዛው የመኪና መሸጫ ይመስላል።

ሁለተኛው ነገር ውጊያው ራሱ ነው። ከተማ ውስጥ የሚደረግ ውጊያ ከመኪና ውጪ አይታሰብም። ሳራዬቮ እኤአ ከ1992 እስከ 1996 በተከበበች ጊዜ ሰው መንገድ የሚሻገረው በተቃጠለ አውቶብስ፣ በቆመ ትራም፣ በኮንቴነር ተከልሎ ነበር፣ አነጣጣሪው እንዳያየው። ሞቃዲሾ ላይ እኤአ ኦክቶበር 1993 በነበረው ውጊያ መንገድ የተዘጋው በጎማ ጭስና በተገኘ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ቻድ እኤአ በ1987 የሊብያን ታንክ በቶዮታ ፒካፕ አሳዳ አሸንፋለች፣ እስካሁን የቶዮታ ጦርነት ነው የሚባለው። ታድያ እናንተ ባዶ መንገድ ላይ ሁለት ቡድን አቁማችሁ ስታታኩሱ ምኑ ነው ከተማው?

እዚ ላይ አንድ ነገር ልጨምር ምክንያቱም ሁሌ ያከራክራል። መኪና ጥይት ያቆማል? በሩ ላሜራ ነው፣ የክላሽ ጥይት በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ትንሽ የሚያቆም ነገር ካለ ሞተሩ ነው፣ ከዛ ቸርኬው። ስለዚ ሕጋችሁ ላይ ከኮፈኑ ጀርባ ያለ ወታደር ጥሩ ከለላ አለው በሉ፣ ከበሩ ጀርባ ያለው ግን ተደብቋል እንጂ አልተከለለም፣ ማለት ለማየት ይከብዳል ከታየ ግን ያው ነው። ይሄን አንድ ሕግ ብቻ ስትጨምሩ ልጆቹ መኪናው በየት በኩል እንደቆመ ማየት ይጀምራሉ፣ አፍንጫው ወዴት ነው፣ ሞተሩ ከፊት ነው ወይስ እንደ ሚኒባሱ ከወንበር ስር ነው፣ እያሉ ይጠያየቃሉ። ጨዋታው በዛች ቅጽበት ይቀየራል።

ሶስተኛው፣ ለኔ ዋናው ይሄ ነው፣ መኪና የሰው ነው። ባለቤት አለው። ባጃጅ ቆማ ስታዩ ሹፌሩ የት ሄደ ትላላችሁ፣ ሚኒባስ መሃል መንገድ በሩ ተከፍቶ ሲቆም ተሳፋሪዎቹ ከየት ወጥተው ወዴት ሮጡ ትላላችሁ። እኛ ጦርነት በወሬ ብቻ የምናውቅ ሰዎች አይደለንም። ስለዚ ጠረጴዛችን ላይ ሰው ያልኖረበት ከተማ ሲሰራ ደስ አይለኝም፣ ውሸት ነው። ጦርነት የሚደረገው ሰው ቁርሱን በልቶ በወጣበት መንገድ ላይ ነው። ይሄን የሚያሳይ ነገር ከወታደሩ ውስጥ አታገኙም፣ ከጣራው ላይ ፍራሽና ቢጫ ጀሪካን ከታሰረበት ሚኒባስ ግን ታገኛላችሁ። በነገራችን ላይ የራሳችንን ሰሞን ወደ ጠረጴዛ አላመጣም፣ ከተማዋ ስም የላትም፣ ይሄ የኔ ውሳኔ ነው እና እዚ የምትጫወቱ ሁሉ እንድታከብሩልኝ እፈልጋለሁ።

እሺ አሁን ወደ ስራው። ዋናው ጣጣ መጠን ነው።

የኛ ወታደሮች 28 ሚሊ ይባላሉ፣ ከእግር እስከ አይን 28 ሚሊሜትር ማለት ነው፣ ይሄ ሲሰላ ወደ 1/56 ይጠጋል፣ ማለት እውነተኛው ነገር 56 ጊዜ አንሶ። 1/56 የሆነ የአሻንጉሊት መኪና ደግሞ ሱቅ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ያሉት 1/43፣ 1/64፣ 1/72፣ 1/76፣ 1/87 ናቸው። ለምን እንደዚ የተዘበራረቀ ቁጥር ሆነ ብትሉ አብዛኛው ከባቡር ነው የመጣው። እንግሊዝ አገር ሆርንቢ የሚባለው የአሻንጉሊት ባቡር 7 ሚሊ ለአንድ ጫማ በሚል ልክ ነበር፣ እሱ 1/43.5 ይሆናል፣ ለባቡሩ ማድመቂያ ተብለው እኤአ በ1930ዎቹ የተሰሩት ዲንኪ የሚባሉ መኪኖች በዛው ልክ ሄዱ፣ ከጊዜ በኋላ ኮርጊም ሶሊዶም የሚባሉት ሰሪዎች በዛው ዙርያ ሰሩ። 1/87 የዛ ግማሽ ነው። 1/76 የእንግሊዞቹ ሌላ ባቡር ነው፣ 4 ሚሊ ለአንድ ጫማ። 1/72 ደግሞ ከአውሮፕላን ሞዴል መጣ፣ አንድ ኢንች ለስድስት ጫማ። አያችሁ አንዱም ስለኛ ወታደር አላሰበም።

1/64 የሚባሉት ትንንሾቹ ብረት መኪኖች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። ማችቦክስ እኤአ በ1953 ነው የጀመረው፣ ከሰሪዎቹ አንዱ ጃክ ኦደል ልጁ ትምህርት ቤት ክብሪት ሳጥን ውስጥ የሚገባ አሻንጉሊት ብቻ ስለሚፈቀድላት ለሷ ብሎ ትንሽ የመንገድ መዳመጫ ሰራላት ይባላል፣ ስሙም ከዛ ነው። ሆት ዊልስ እኤአ በ1968 መጣ። እነዚ መኪኖች የሚሰሩት ለሳጥኑ ነው። አውቶብሱም ቮልሱም ያው ወደ 7 ሴንቲ ነው የሚሆኑት። ይሄ ለሰብሳቢ ሰው ያናድዳል ለኛ ግን በረከት ነው፣ ልብ ብላችሁ ስሙኝ፦ እውነተኛው ቮልስ 4 ሜትር ከ8 ሴንቲ ነው፣ አሻንጉሊቱ 7 ሴንቲ ከሆነ 408ን ለ7 አካፍሉ፣ 58 ይመጣል። 1/58! የኛ ወታደር ጎን ቁጭ ይላል። ያው ሳጥን ውስጥ ያለው 12 ሜትር አውቶብስ ግን 1/170 ይሆናል ምንም አይጠቅመንም። ስለዚ ከትንሹ ሳጥን ትንሽ መኪና ግዙ፣ ትልቅ መኪና አትግዙ።

ተገላቢጦሹም ይሰራል። ፒያሳ እግረኛ መንገድ ላይ እና ቅዳሜ ገበያ የሚሸጡት ወደ ኋላ ስበህ ስትለቃቸው የሚሮጡት አሉ አይደል፣ ወደ 12 ሴንቲ የሚሆኑት። እነሱ ውስጥ ቮልስ ብትገዙ 1/34 ነው፣ ወታደሩ አጠገቡ ህጻን ይመስላል። ግን ዛው መደብ ላይ ደብል ጋቢና ፒካፕ ካገኛችሁ፣ ሃይሉክስ 5 ሜትር ከ30 ገደማ ነው፣ 530 ለ12 ሲካፈል 44 ይሆናል፣ ጥሩ ነው። ሃይስ ሚኒባስ 4 ሜትር ከ70 ነው፣ 39 ይመጣል፣ ትንሽ ገዘፍ ይላል ግን ሚኒባስ ስለሆነ አይን ይምረዋል። ኢሱዙ የሚመስል የጭነት መኪና 12 ሴንቲ ከሆነ እሱማ ከሁሉም ይሻላል፣ እውነተኛው ከ6 እስከ 7 ሜትር ስለሆነ 1/50 እና 1/58 መሃል ይወድቃል። አያችሁ፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተዉት። ብዙ ጊዜ አልተጻፈም፣ ተጽፎም ቢሆን እውነት ላይሆን ይችላል። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ የእውነተኛውን ርዝመት ስልካችሁ ላይ ፈልጉ፣ አካፍሉ፣ ከ45 እስከ 60 መሃል ከመጣ ግዙ፣ 43 ከመጣም ግዙ።

ለምን 1/43 እሺ እንዳልኩ ልንገራችሁ ምክንያቱም በስሌት ካየነው ይበልጣል። 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው በ1/56 31 ሚሊ ነው፣ በ1/43 ደግሞ 41 ሚሊ፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ነገር ግን ወታደሮቻችን ወፍራሞች ናቸው፣ ራሳቸው ትልቅ ነው፣ ጠመንጃቸው ትልቅ ነው፣ በዛ ላይ ሁለት ሶስት ሚሊ መቆሚያ ላይ ነው የቆሙት። ስለዚ አይን 1/43ን ይቀበላል፣ በተለይ መኪናው አጠር ያለ ከሆነ። ላዳ 2101 በ1/43 9 ሴንቲ ተኩል ነው፣ በ1/56 ቢሆን 7 ሴንቲ ከ3 ነበር። እኔ እንደውም ላዳውን በ1/43 ነው ምወደው፣ ጠረጴዛ ላይ ክብደት አለው። 1/43 ሲበዛ ግን መንገዱ ይጠባል፣ እሱን እያያችሁ።

ማስመሪያ ካልያዛችሁ ደግሞ አንድ ወታደር ኪሳችሁ አድርጉ። የቤት መኪና ቁመት 1 ሜትር ከ40 አካባቢ ነው፣ ማለት ጣራው አዋቂ ሰው ትከሻ ላይ ይደርሳል። ወታደሩን አጠገቡ አቁሙት፣ ጣራው ትከሻው ጋ ከመጣ ልክ ነው፣ ከራሱ በላይ ካለፈ ትልቅ ነው፣ ወገቡ ጋ ከቀረ ትንሽ ነው። ባጃጅ 1 ሜትር ከ70 ስለሆነ ከሰው እኩል ነው። ሚኒባስ ወደ 2 ሜትር ስለሚጠጋ ከሰው ትንሽ ይበልጣል። ሻጮቹ መጀመርያ ግራ ይገባቸዋል፣ አዋቂ ሰው አሻንጉሊት ጎን አሻንጉሊት አቁሞ አጎንብሶ ሲያይ፣ ግን አንዴ ካስረዳችኋቸው ራሳቸው ይፈልጉላችኋል፣ እቃ ሲገባ ይደውሉላችኋል። የምር ጥሩ ሰዎች ናቸው።

በ20 ሚሊ የምትጫወቱ እዚ አላችሁ፣ እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፣ 1/72 እና 1/76 በቀጥታ የናንተ ነው፣ ኦክስፎርድ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ 1/76 ብዙ ይሰራል፣ ግን የእንግሊዝ መኪና ስለሆነ መሪው ቀኝ ነው እና አውቶብስና ቫኑ የአገሩን መልክ ነው የያዘው። 15 ሚሊ ደግሞ 1/100 ስለሆነ ቅድም አትግዙ ያልኩት አውቶብስ 12 ሴንቲ የሆነውን ካገኛችሁ የናንተ ነው።

ውጪ ዘመድ ያላችሁ፣ ሲመጡ ልብስ ብቻ አታስመጡ። የሶቭየት መኪና በ1/43 ከመጽሄት ጋር በየጊዜው የሚሸጥ ተከታታይ ነበር፣ ላዳም ዋዝም ቮልጋም ሞስኮቪችም አሉበት፣ አሮጌ ሆነው በርካሽ ይገኛሉ። ሳጥን የሌለው፣ መስታወት የተሰበረ፣ ቀለሙ የተላጠ ይሁን፣ ለኛ እንደውም እሱ ነው የሚሻለው። በጣም አሮጌ ብረት ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ዚንክ ቅይጥ ነው፣ እርሳስ የገባበት ከሆነ በጊዜ ብዛት ከውስጥ ይሰነጣጠቅና በእጃችሁ ይፈረፈራል፣ መድኃኒት የለውም።

አሁን የማይገኘው። ባጃጅ። ከተማችን በባጃጅ ተሞልታ የባጃጅ አሻንጉሊት በኛ ልክ ማግኘት ግን ከባድ ነው፣ ስለዚ እንሰራለን። እውነተኛው ርዝመቱ 2 ሜትር ከ60 ገደማ፣ ወርዱ 1 ከ30፣ ቁመቱ 1 ከ70። በ1/56 46 ሚሊ በ23 ሚሊ በ30 ሚሊ ይሆናል። የጎን ፎቶ በዛ ልክ አሳትሙ፣ የጫማ ካርቶን ላይ ለጥፉና ቁረጡ፣ ሁለት ጎን፣ ወለል፣ የፊት መከላከያ። ምሰሶዎቹ ከአሮጌ ቻርጀር ገመድ ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ ነው። ሸራው ሶፍት በኮላ ውሃ ተነክሮ ሽቦው ላይ ይጣላል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ እንደ እውነቱም ትንሽ ይረግባል፣ በጣም ያምራል። ጎማ፣ የባጃጅ ጎማ ትንሽ ነው፣ 40 ሴንቲ ገደማ፣ በኛ ልክ 7 ሚሊ። የወረቀት መብሻ ካርቶን ስትበሱበት የሚወድቀው ክብ 6 ሚሊ አካባቢ ነው፣ አራቱን ደራርባችሁ በኮላ አጣብቁ፣ ጎማ ሆነ። ለቤት መኪና ደግሞ የሸሚዝ ቁልፍ አለ፣ 11 ሚሊ ነው፣ የመኪና ጎማ 60 ሴንቲ ለ56 ሲካፈል ያው 11 ሚሊ፣ እንደተለካ ነው የሚገባው። ለኢሱዙና ለሲኖ የኮት ቁልፍ።

እዚ አዳራሽ ውስጥ ልጅ ሆኖ የሽቦ መኪና ያልሰራ ወንድ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ። የዛ ሁሉ እውቀት አለን፣ የሰርዲን ቆርቆሮ ቆርጠን ካሚዮን የሰራን ሰዎች ነን፣ ታድያ አሻንጉሊት ከውጪ ካልመጣ አንጫወትም ማለት አይገባኝም። ታናናሾቻችሁን ጠይቁ፣ አሁንም የሚሰሩ ሞልተዋል፣ ቁጥሩን ስጧቸው፣ ይሄን ያህል ሚሊ በሏቸው፣ ከናንተ የተሻለ ነው ሚሰሩት። ክፈሏቸው ደግሞ።

የተገዛውን ብረት መኪና መቀየር ላይ ፈጠን ልበል ሰዓት ስለሄደ። ከስር ሁለት ሪቬት አለ፣ ከሪቬቱ ራስ ትንሽ ሰፋ ባለ መሰርሰርያ ራሱን ብቻ አንሱት፣ መኪናው ለሁለት ይከፈላል። መስኮት ክፈቱና ስሩ፣ አፍ ሸፍኑ፣ ያረጀ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ ህጻናት አጠገብ አታድርጉት። ብልጭልጩን በብርጭቆ ወረቀት ግደሉት፣ አንቲሩጅ በስሱ ንፉበት፣ ከዛ ቀለም። ቀለም ከሌለ የጥፍር ቀለም ይሰራል፣ ለባጃጅ ሰማያዊ ተስማሚ ነው፣ ስለሚያብለጨልጭ ግን ከላይ የሚያደበዝዝ ቫርኒሽ ይፈልጋል። ከዛ አቧራ። እባካችሁ አቧራ አትርሱ። ከአዘዞ ወደ ላይ የምትወጣ መኪና በጋ ላይ ንጹህ ሆና አይቼ አላውቅም። ከደጃችሁ ያለውን አፈር አድርቃችሁ በሻሽ ንፉት፣ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ጎማው ዙርያና ከኋላ በሩ ላይ አሹት፣ በቀጭን ኮላ ውሃ ያዙት። የሃገራችሁ አፈር ቀለም የትም ሱቅ አይሸጥም።

ታርጋ። 9 ሚሊ በ2 ሚሊ ነጭ ወረቀት ነው፣ ፊደሉ አይነበብም ግን ቀለሙ ይታያል፣ በለመድነው ታርጋ ልክ ለታክሲ ቀይ፣ ለግል ሰማያዊ፣ ለንግድ አረንጓዴ፣ ለመንግስት ጥቁር እርሳስ አስምሩበት። ከኋላ መስታወት ላይ የጊዮርጊስ ስዕል፣ ጥቅስ፣ የሚወዱት ቡድን አርማ፣ በስልክ ፎቶ አሳንሳችሁ አሳትሙት። ጭነት ደግሞ ከሁመራና ከመተማ የሚመጣውን ሰሊጥ አስቡ፣ ጆንያው 18 ሚሊ ነው፣ ከስቱኮ እየጠቀለላችሁ ስሩት፣ ከላይ ሸራ፣ ከሸራው በላይ ረዳቱ ተኝቶ።

ነጭ ላንድክሩዘር ብዙዎቻችሁ አላችሁ። ቀይ መስቀል የሚቀባበት ከሆነ አንድ ነገር አትርሱ፣ ያ ምልክት በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ነው፣ እኤአ በ1949 የጸደቁት፣ መትረየስ የተጫነበት መኪና ላይ አይቀባም፣ በጨዋታም ቢሆን። እኔ ጠረጴዛ ላይ ምልክት ባለው መኪና የተኮሰ ቡድን በዛው ተሸንፏል። ሰው ባለበት ሚኒባስ ላይ የተኮሰም እንደዛው ከባድ ነጥብ ይቀነስበታል፣ እና ሚኒባሱ ዝም ብሎ አይቆምም፣ በየዙሩ ዳይስ ይጣልለታል፣ ወይ ይዞራል ወይ ይጋጫል ወይ ተሳፋሪ ያወርዳል። የሰው መኪና ስታስቀምጡ ሕግም አብራችሁ ስሩለት፣ አለዚያ ግድግዳ ነው።

ስንት መኪና ይበቃል? 1 ሜትር ከ20 በ1/56 67 ሜትር መንገድ ነው። ፒያሳ ላይ 67 ሜትር በእግራችሁ ለኩና የቆመውን ቁጠሩ፣ መልሱ እዛው አለ። ሁሉንም ማስቀመጥ አትችሉም፣ ወታደሩ መሄጃ ያጣል፣ ግን ግማሹን እንኳ ብታስቀምጡ አሁን ካለው ብዙ ይበልጣል።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንዲት እናት፣ ከልጃቸው ጋር የመጡ፣ "ልጄ፣ ጦርነት በበቃን ሰዓት ጦርነት መጫወት ለምን?" አሉኝ። እማማ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው አልኳቸው፣ እኔም የምጠይቀው ነው። እዚ ጠረጴዛ ላይ ልጅዎ አንድ መንገድ ለመያዝ ምን ያህል ቤትና ምን ያህል ሰው መሃል እንደሚገባ በአይኑ ያያል፣ ሚኒባሷን ያስቀመጥኩት ለዛ ነው። ይሄ የማይታይበት ጨዋታ ከሆነ ግን እርስዎ እንዳሉት ነው፣ ባይጫወተው ይሻላል። ዝም ብለው ጠረጴዛውን አዩና "እቺ ፍራሽ የጫነችው ወዴት ነው ምትሄደው?" አሉኝ። ልጁ ነው የመለሰላቸው።

ሌላው ጥያቄ ስለ ትልቅ አውቶብስ ነበር። 12 ሜትሩ አውቶብስ በ1/56 21 ሴንቲ ይሆናል፣ ጠረጴዛውን ይውጠዋል፣ መታጠፊያ ላይ አይዞርም። የኔ ምክር ቅጥቅጥ ስሩ ነው፣ 7 ሜትር ቢሆን 12 ሴንቲ ተኩል ነው፣ የኢሱዙ አሻንጉሊት ካቢናውን ትታችሁ ጭነቱን አንስታችሁ ከላሜራ ወይ ከካርቶን አካል ትሰሩለታላችሁ፣ እውነተኛውም ቅጥቅጥ እኮ እንደዛ ነው የሚሰራው፣ ሻንሲው ኢሱዙ ነው አካሉ እዚ አገር ተገጥሞ። ትልቁን አውቶብስ የግድ የሚፈልግ ተቃጥሎ መንገድ የዘጋ አድርጎ ግማሹን ብቻ ይስራ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ የወጣ ይመስላል፣ 10 ሴንቲ ይበቃዋል። መስኮቱን ክፍት ተዉት፣ ውስጡ ወታደር ይግባበት፣ ወንበሮቹን ከክብሪት ሳጥን ቁረጡ። ልኩን የፈለገ ከፊት ጠረጴዛው ላይ የተቆረጡ ወረቀቶች አሉ፣ ባጃጅም ቅጥቅጥም ዲኤክስም፣ አንድ አንድ ውሰዱ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ለጓደኛ ስጡ።